የጨጓራ መቀነት ከታሰረ በኋላ

ከሐኪም ቤት የሚወጡ አዳዲስ ስሞች ወደ ቤታችን ሲገቡ ብዙ ጊዜ ትርጕማቸው በደጅ ይቀራል። ፈረንጆች «ጋስትሪክ ባንድ» የሚሉት ሕክምናም ዕጣው እንዲሁ ሆኖአል። አንዳንዱ «ሆድ ማሳሰር» ይለዋል፤ ሌላው «ጨጓራ ማስቈረጥ» ይለዋል። ሁለተኛው ፍጹም ስሕተት ነው፤ በዚህ ሕክምና ከጨጓራ ተቈርጦ የሚወጣ ነገር የለምና። «የጨጓራ ቀለበት» የሚሉም አሉ፤ ነገር ግን የጣት ቀለበት አይጠብቅም፥ አይላላም። እኛስ «የጨጓራ መቀነት» ብለን ልንጠራው ወደድን። ስለ ምን ቢሉ፥ እናቶቻችን የሚታጠቁት መቀነት ሥራ ሲበዛ እንደሚጠብቅ፥ ዕረፍት ሲሆን እንደሚላላ፥ ይህም እንደ ሰውየው ሁኔታ ሲጠብቅና ሲላላ የሚኖር ነውና።

ስለዚህ ሕክምና ስንጽፍ ዋና አሳባችን እንዴት እንደሚታሰር ለማስረዳት አይደለም፤ ያ የሐኪሞች ሥራ ነው። ይልቁንም ከታሰረ በኋላ ያለው ኑሮ፥ ማዕዱ፥ ሚዛኑና የቤተ ሰቡ ነገር እንዴት ነው የሚለውን ለመመልከት ነው። በአሜሪካና በአውሮፓ ከሚኖሩት ወገኖቻችን መካከል መቀነቱን ታስረው ለበዓል ወይም ለሠርግ ወደ አገራቸው የሚመጡ አሉ፤ ዘመዶቻቸውም ነገሩን ሳያውቁ በፍቅር ብዛት ሲጐዱአቸው አይተናል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ፥ ለይተን ካልተናገርን በቀር፥ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በ1986 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር በኒው ጄርሲ ይሠሩ የነበሩት፥ በትውልዳቸው ዩክሬናዊ የሆኑት ቀዶ ሐኪም ሉቦሚር ኩዝማክ፥ ከሲሊኮን የተሠራና ፈሳሽ ሲጨመርበት የሚጠብቅ፥ ፈሳሹ ሲቀዳለት የሚላላ መቀነት በሰው ጨጓራ ላይ አሰሩ። በዚያን ጊዜ ግን ሥራው የሚፈጸመው ሆድን በሰፊው ከፍቶ ነበረ። ከሰባት ዓመት በኋላ፥ በሴፕቴምበር 1 ቀን 1993፥ ይኸውም በእኛ ነሐሴ 26 ቀን 1985 ዓ.ም.፥ በቤልጅግ አገር ዊ በምትባል ትንሽ ከተማ ይህንኑ መቀነት በሆድ ላይ በተከፈቱ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ብቻ፥ በካሜራ እየተመለከቱ፥ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ላይ ያሰሩት በትውልዳቸው ኢትዮጵያዊ የሆኑት ፕሮፌሰር ምትኩ በላቸው ናቸው። ይህን ስንጽፍ ደስታችንን አንሰውርም፤ በዓለም ላይ በብዙ መቶ ሺሕ ሰዎች ሆድ ውስጥ የታሰረው መቀነት መንገዱን ያገኘው በአገራችን ልጅ እጅ ነውና። በአሜሪካ ግን የመንግሥቱ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን የፈቀደው ዘግይቶ በ2001 ዓ.ም. ነበረ።

አሠራሩም እንዲህ ነው። መቀነቱ በጨጓራ ላይኛ ጫፍ፥ ከጕሮሮ ቧንቧ ጥቂት ዝቅ ብሎ ይታሰራል። ከመቀነቱ በላይ የቡና ስኒ እኩሌታ እንኳ የማትሞላ ትንሽ ከረጢት ትቀራለች። ከመቀነቱ ቀጭን ቱቦ ይወጣና ከሆድ ቈዳ በታች ከተሰፋች ትንሽ ጕብ ያለች ማጠራቀሚያ ጋር ይገናኛል። ሐኪሙ መቀነቱን ማጥበቅ ሲፈልግ ለዚሁ በተሠራ መርፌ በዚያች ማጠራቀሚያ ውስጥ ንጹሕ የጨው ውኃ ይጨምራል፤ ማላላት ሲፈልግ ይቀዳል። ሰው ሁሉ መቀነቱ ምግብን እንደ ግድብ የሚያቈም ይመስለዋል። ዳሩ ግን ነገሩን ያጠኑት ሐኪሞች እንደሚሉት፥ በልክ የጠበቀ መቀነት ሥራው ማገድ ሳይሆን ማስታወቅ ነው። ጕርሻው በዚያ ጠባብ በር ሲያልፍ የጨጓራውን ላይኛ ክፍል ይጫነዋል፤ በዚያ ያሉት ነርቮችም «በቃ» የሚለውን መልእክት ወደ አንጐል ያደርሳሉ። ስለዚህ መቀነቱ እጅግ ሲጠብቅ ይበልጥ ይጠቅማል ማለት አይደለም። ከመጠን በላይ የጠበቀበት ሰው ደኅናውን ምግብ መዋጥ ስለሚያቅተው ወደ ጣፋጭና ወደ ለስላሳ ነገር ይሸሻል፤ ክብደቱም ሊቀንስ ሲገባው ይጨምራል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያሉት መጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የፈሳሽ ናቸው፤ መረቅ፥ አጥሚት የመሰለ ቀጭን ነገር፥ ወተት። ቀጥሎ በደንብ የላመና የተፈጨ ምግብ ይመጣል፤ ከዚያም ለስላሳው፤ በስድስተኛው ሳምንት ገደማ ወደ ተራው ማዕድ ይመለሳል። መጀመሪያው የመርፌ ፈሳሽም የሚጨመረው ብዙውን ጊዜ በዚሁ ወራት ነው። እስከዚያ ድረስ መቀነቱ ባዶ ስለሆነ ረኀቡ ተመልሶ ይመጣል፤ ብዙዎች በዚህ ሰዓት «ገንዘቤንም ሥጋዬንም በከንቱ ከሰከስሁ» ብለው ያዝናሉ። ሕክምናው ገና አልተጀመረም ማለት ነው እንጂ ከሸፈ ማለት አይደለም።

አሁን ወደ ማዕዱ እንምጣ፤ የነገሩ ፍሬ ያለው በዚህ ነውና። መቀነት የታሰረ ሰው ጕርሻው ትንሽ፥ ማኘኩ ብዙ፥ አበላሉም የዝግታ ሊሆን ግድ ነው። አንዱ ጕርሻ በመቀነቱ በኩል እስኪያልፍ ድረስ፥ ይኸውም እስከ አንድ ደቂቃ ሊፈጅ ይችላል፥ ሁለተኛው መከተል የለበትም። ሐኪሞች አንድን ማዕድ ከሃያ ደቂቃ ባላነሰ ጊዜ፥ መጠኑንም ከአንድ የሻይ ብርጭቆ ባልበለጠ ልክ ይመክራሉ። ከምግብ ጋር ውኃ መጠጣት አይመከርም። ጋዝ ያለው መጠጥም በዚያች ትንሽ ከረጢት ውስጥ ይነፋል፤ ያስጨንቃልም።

በፈረንጆቹ መጻሕፍት «ተጠንቀቁ» ከሚባሉት ምግቦች ዋነኞቹ ትኩስ ለስላሳ ዳቦና ጅማት ያለበት ሥጋ ናቸው። ዳቦው በምራቅ ርሶ እንደ ሊጥ ይድበለበላል፤ ሥጋውም በጥርስ ካልደቀቀ በበሩ ላይ ይወተፋል። እንግዲህ የእኛን ገበታ በዚህ መስተዋት እንየው። እንጀራችን ለስላሳ ነው፤ ቶሎ ቶሎ ሲጐረስ እንደዚያው ይድበለበላል፤ በጥቂቱ ተቈርሶ በወጥ ርሶ በዝግታ ሲኘክ ግን ብዙዎች ይስማማቸዋል። ሽሮውና በሚገባ የበሰለው የምስር ወጥ እጅግ የተመቸ ነው፤ ገንቢ ነገርም አለበት። ጥብስና ጥሬ ሥጋ ግን የጭንቅ ምንጭ ናቸው። በጾም ፍቺ ማለዳ የሚሆነውንም እናስብ። ሰው ሁለት ወር ያህል ሥጋ ሳይቀምስ ከርሞ፥ ሌሊቱን ቆሞ አድሮ፥ በረኀብ ወደ ዶሮውና ወደ ሥጋው ሲቀርብ እጁ ይፈጥናል፤ መቀነት ለታሰረ ሰው ከዓመቱ ሁሉ የሚከፋው ማዕድ ያ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት በጾሙበት ቀንም እንዲሁ የመጀመሪያዎቹን ጕርሻዎች በፍጥነት መዋጥ ያሰጋል። ስለ ጾሙ መጠን ግን በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት ከሐኪምና ከንስሐ አባት ጋር መማከር እንጂ በራስ መወሰን አይገባም።

ሌላ ነገር አለ፤ መቀነቱ ፈሳሽን አያግድም። ጠጁ፥ ጠላው፥ ብርዙ፥ ስኳር የበዛበት ሻይ፥ የቀለጠ አይስ ክሬም ሁሉ ያለ ከልካይ ያልፋሉ፤ ጥጋብም አይሰጡም። ትንሽ እየበላች ክብደቷ ያልቀነሰላትን ሴት ሐኪሟ አስቀድሞ የሚጠይቃት ስለ ምግቡ ሳይሆን ስለ ብርጭቆው ነው።

የአንድ ወዳጃችን እኅት በአሜሪካ አገር ከዋሽንግተን አጠገብ የምትኖር ናት። በ2010 ዓ.ም. መቀነቱን ታሰረች፤ በአንድ ዓመት ተኩል ውስጥም 24 ኪሎ ቀንሳ ለታናሽ ወንድሟ ሠርግ ወደ አዲስ አበባ መጣች። ለማንም አልነገረችም፤ ወዳጃችንም አያውቅም ነበረ። እንደ ደረሰች የዘመዶቿ የመጀመሪያ ቃል «ምነው ከሳሽ? ታመሽ ነው ወይ?» የሚል ነበረ። በእኛ ዘንድ «ወፈርሽ፥ አማረብሽ» ማለት ምስጋና አይደለም ወይ? የከሳ ሰው የተቸገረ ወይም የታመመ ይመስለናል። በሠርጉ ማግሥት በመልሱ ግብዣ አክስቷ ሰፊ ጕርሻ ጠቅልለው ቀረቡ።

«እትዬ፥ በቃኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለች።

«በሞቴ! ከዚያ ድረስ መጥተሽ የእኔን እጅ ልትመልሺ ነው? አንድ ጕርሻ ያጣላል፤ ድገሚ!»

አንዱን ተቀበለች፤ ሁለተኛውንም ተቀበለች። ወዲያውም ደረቷን ይዛ ተነሣች፤ ምራቋ በአፏ ሞላ፥ ፊቷ ገረጣ፥ ወደ ጓዳ ሮጣ ገባች። ሥጋው በመቀነቱ በር ላይ ተወትፎ ነበረ። ከግማሽ ሰዓት ጭንቅ በኋላ ተመልሶ ወጣላት። በአዳራሹ ግን አንዱ «አረገዘች» አለ፤ ሌላው «ምግባችንን ተጸየፈች» አለ፤ አክስቷም እስከ ማታ ድረስ አኰረፉ። በማግሥቱ ነገሩን ለወንድሟና ለአክስቷ ገልጣ ነገረች። አክስቷ እጅግ ደነገጡ፤ «አንጀትሽን አስረሽ ነው እንዴ የምትኖሪው?» አሉ። ከዚያ ቀን በኋላ ግን በገበታ ላይ ከጎኗ ተቀምጠው የሌላውን ሰው ጕርሻ የሚመልሱት እሳቸው ሆኑ። በእውነት ለመናገር ከሐኪሙ ምክር ሁሉ ይልቅ በዚያ ወር የጠቀማት የእኒህ ሴት ዘበኝነት ነው።

ወደ ሚዛኑ እንለፍ፤ ብዙ ልብ የሚሰበረው በሚዛን ላይ ነውና ሒሳቡን በጥቍር ሰሌዳ ላይ እንደምናደርገው ቀስ ብለን እናስላው። ቁመቷ 1 ሜትር ከ65፥ ክብደቷም 110 ኪሎ የሆነች ሴት አለች እንበል። ሐኪሞች ክብደትን በቁመት፥ ውጤቱንም ደግመው በቁመት ያካፍላሉ፤ ለእርሷ 40 ያህል ይወጣል። ይህ ሕክምና በልማድ የሚፈቀደው ቍጥሩ 40 ለደረሰ፥ ወይም 35 ደርሶ እንደ ስኳር በሽታ ያለ ሕመም ላለበት ሰው ነበረ። በቁመቷ ተገቢ ከሚባለው ክብደት ላይኛው ወሰን 68 ኪሎ ነው፤ ስለዚህ ትርፉ 42 ኪሎ ነው። መቀነት ታስረው ክትትላቸውን የሚጠብቁ ሰዎች ከዚህ ትርፍ እኩሌታ ያህሉን በሁለት ዓመት ገደማ ይቀንሳሉ። እንግዲህ ይህች ሴት 21 ኪሎ ቀንሳ 89 ኪሎ ብትሆን ሕክምናው እንደ ታሰበው ሠርቶላታል ማለት ነው። ጎረቤቷ ግን ገና ወፍራም ሴት ታያለች፤ «ይህን ሁሉ ተቈራርጠሽ ምን ፈየደልሽ?» ትላለች። መልካም ጕዞ የሚባለው በሳምንት ከግማሽ ኪሎ እስከ አንድ ኪሎ ነው፤ እርሱም በመጀመሪያው ዓመት፤ ከዚያ በኋላ ይዘገያል፥ አንዳንድ ወርም ጨርሶ ይቆማል። በየማለዳው ሚዛን ላይ የሚወጣ ሰው ራሱን ያስጨንቃል እንጂ አንዳች አያተርፍም፤ በሳምንት አንድ ቀን ይበቃዋል።

ጥቅሙን በኪሎ ብቻ መቍጠርም ጐደሎ ሒሳብ ነው። በአውስትራልያ የሚገኙ ሐኪሞች፥ ዲክሰንና ኦብራየን ከጓደኞቻቸው ጋር፥ በ2008 ዓ.ም. ባወጡት ጥናት የስኳር በሽታ ከጀመራቸው ሁለት ዓመት ያልሞላቸውን 60 ሰዎች ለሁለት ከፈሉ። ለ30ዎቹ መቀነት ታሰረላቸው፤ 30ዎቹ በምክርና በመድኃኒት ታከሙ። ከሁለት ዓመት በኋላ ከመቀነቶቹ 22ቱ፥ ከሌሎቹም 4ቱ ስኳራቸው ወደ ጤናማ ልክ ወርዶ ተገኘ። ጕልበትም ይቀልለዋል፤ እንቅልፍም ይሰክናል፤ ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ አይቈረጥም። ይህን ጎረቤት አያየውም።

ስለ ምስጢር ነገር ጥቂት እንበል። የኒው ጄርሲ አገረ ገዥ የነበሩት ክሪስ ክሪስቲ በፌብሩዋሪ 2013 ዓ.ም. በሌላ ሰው ስም ተመዝግበው መቀነቱን ታሰሩ፤ ነገሩንም የገለጡት በሜይ ወር ነው፤ ያደረጉትም ለሚስታቸውና ለአራት ልጆቻቸው ሲሉ መሆኑን ተናገሩ። በእንግሊዝ አገር የቴሌቪዥን አቅራቢ የሆነችው ፈርን ብሪተን መቀነት መታሰሯ በ2008 ዓ.ም. ሲታወቅ፥ ሕዝቡ በአመጋገብና በስፖርት ብቻ የቀነሰች መስሎት ነበረና ብዙ ወቀሳ ደረሰባት። ይህ ወቀሳ ለእኛ ትክክል አይመስለንም። ሰው ስለ ሥጋው ሕክምና ለአደባባይ መልስ የመስጠት ዕዳ የለበትም። ሕክምናውንም «የሰነፎች መንገድ» ብለው የሚያቃልሉት ሰዎች፥ በየቀኑ ሦስት ጊዜ ሃያ ደቂቃ በትንሽ ሳሕን ፊት ታግሠው ቢቀመጡ አሳባቸውን ይለውጡ ነበረ። ነገር ግን በገዛ ቤት ውስጥ መደበቅ ሌላ ነገር ነው፤ ምግብ ሲወተፍ የሚደርስ፥ ወደ ሐኪም የሚያደርስ፥ ጕርሻን የሚመልስ አንድ ሰው እንኳ ማወቅ አለበት።

የመቀነቱን ታሪክ በምስጋና ብቻ ልንጨርሰው ግን አንችልም። በአሜሪካ በ2011 ዓ.ም. ለውፍረት ከተደረጉት ቀዶ ሕክምናዎች ከመቶ 35 ያህሉ መቀነት ነበሩ፤ በ2018 ዓ.ም. ግን ከመቶ 1 ያህል ብቻ ቀሩ። ምን ሆነ ቢሉ፥ ዓመታት ሲያልፉ ችግሩ ተገለጠ። መቀነቱ ከቦታው ይንሸራተታል፤ ከበላዩ ያለችው ከረጢት ትሰፋለች፤ አንዳንድ ጊዜም የጨጓራውን ግድግዳ ቀስ በቀስ በልቶ ወደ ውስጥ ይገባል። በብሩሴል የሚገኙ ሐኪሞች በ2011 ዓ.ም. እንዳወጡት፥ 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ከተከታተሉአቸው 82 ሰዎች መካከል ግማሽ ያህሉ መቀነቱ ወጥቶላቸዋል። በአሜሪካም በ2017 ዓ.ም. የወጣ ጥናት ከ25 ሺሕ በላይ ሰዎችን መርምሮ፥ ከመቶ 18 ከግማሽ ያህሉ ዳግመኛ ለቀዶ ሕክምና እንደ ቀረቡ አሳይቶአል። በሌላ ወገን በሜልበርን ያሉት ሐኪሞች በ2013 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ፥ ሰዎቻቸው በ15ኛው ዓመት እንኳ ከትርፍ ክብደታቸው ከመቶ 47 ያህሉን እንደ ቀነሱ ቈይተዋል ይላሉ፤ እነርሱም ቢሆኑ ብዙዎቹን ደግመው እንዲታከሙ ማድረግ አስፈልጎአቸዋል። ልዩነቱ ከምን መጣ? በእኛ ግምት ከእጅ ጥበብ ይልቅ ከክትትል ነው፤ መቀነት ታስሮ ለዓመታት ወደ ሐኪሙ ያልተመለሰ ሰውና በየጊዜው እየተመላለሰ የሚላላለትና የሚጠብቅለት ሰው አንድ አይሆኑም። ዛሬ ብዙ ሐኪሞች የጨጓራውን ከፊል በማንሣት የሚደረገውን ቀዶ ሕክምና ይመርጣሉ፤ ከ2021 ዓ.ም. ወዲህም ሰማግሉታይድ የሚባለው በሳምንት አንድ ጊዜ የሚወጋ መድኃኒት ለውፍረት በአሜሪካ ተፈቅዶአል።

ያችም የወዳጃችን እኅት በሰባተኛው ዓመት በሌሊት የሚያስላትና ጕሮሮዋን የሚያቃጥላት ነገር ጀመራት። ትራሷን ከፍ እያደረገች፥ ሽሮፕ እየጠጣች ብዙ ወር አሳለፈች፤ ሳሉ ከመቀነቱ ይመጣል ብላ አላሰበችም። ሐኪሙ ፈሳሹን ሲቀዳላት በዚያው ሳምንት ተኛች። ከቀነሰችው 24 ኪሎ 9ኙ ተመልሶአል፤ 15ቱ አልተመለሰም። መቀነቱን ታስወጣው ወይስ ታቈየው የሚለውን ገና አልቈረጠችም።

መቀነቱን ይዘው የሚኖሩ ሰዎችና ቤተ ሰቦቻቸው ሊያውቁአቸው የሚገቡ ምልክቶች አሉ። ውኃ እንኳ አልወርድ ሲል፥ ትውከቱ አላቋርጥ ሲል፥ ከፍ ያለ የሆድ ወይም የደረት ሕመም ሲመጣ፥ «ነገ ይሻላል» ማለት አያስፈልግም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት መሄድ ነው፤ እዚያም አስቀድሞ «መቀነት አለብኝ» ማለት ይገባል። ብዙ ጊዜ ፈሳሹን በመርፌ መቅዳት ብቻ ጭንቁን ያስታግሣል። ለሳምንታት የቈየ ትውከት ቪታሚን ቢ1 የተባለውን አጥፍቶ ነርቭን ይጐዳል። ያረገዘች ሴት ማስመለስ ከበዛባት መቀነቱ ሊላላላት ይችላል። እንደ አስፕሪን ያሉትን የሕመም ማስታገሻዎችም ያለ ሐኪም ፈቃድ መዋጥ አይገባም።

ወደ ሩቅ አገር የሚጓዝም፥ የመቀነቱን ዐይነት፥ በውስጡ ያለውን ፈሳሽ ልክ በሚሊሊትር፥ የታሰረበትን ዓመትና የሐኪሙን አድራሻ በአንድ ወረቀት ጽፎ ከፓስፖርቱ ጋር ይያዝ። መቀነቶቹ እንደ ዐይነታቸው ከ4 እስከ 14 ሚሊሊትር የሚይዙ ስለሆኑ፥ ያንን ወረቀት ያላየ ሐኪም ምን ያህል እንደሚቀዳ ለማወቅ ይቸገራል።